ሳህሉ ለምን ሁለቴ ያንኳኳል

ባሌ ሳህሉ ጤነኛ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን የሰማ ሁሉ ሳይጠይቀኝ ስለማያልፍ ነው። "ሁለት ሊትር ወተት፣ አንድ ዳቦ፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት" ብዬ ሱቅ ስልከው በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና "ሁለት ሊትር ወተት፣ አንድ ዳቦ፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት" ብሎ ይደግማል። ከዚያ በሩን በጣቱ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርገዋል። እኔ ደግሞ ከኩሽና ሆኜ ድስቱን በማንኪያ ሁለቴ ካልመታሁለት ንቅንቅ አይልም። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር ያንን ድስት የደበደብኩት ወጥ ካማሰልኩበት ይበልጣል። እኔ ተናኘ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል የነበርኩ ሰው አይደለሁም፤ ግን ምን ላድርግ፣ ካልመታሁ ወተት የለም።

እንዲህ የሆነው መድፈኛ ስለነበረ ነው። መድፈኛ ማለት የሚመታውን የማያይ ወታደር ነው፤ እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት ካገባሁት በኋላ ነው። መድፉ ከኮረብታ ጀርባ ይቆማል። ተመልካች የሚባለው መኮንን ፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀመጥና ጠላት ያለበትን ቦታ በስድስት ቁጥር በሜዳ ስልክ ይናገራል። ስልክ ተቀባዩ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ይደግማል። የሚደግመው ለተመልካቹ ብቻ አይደለም፤ ካርታውን በቃሉ የሚያውቀው አዛዥም እንዲሰማው ነው። ሲጨርስ የስልኩን እጀታ ሁለቴ ያንኳኳል። ተመልካቹ ከወዲያ ሁለቴ ካንኳኳለት ልክ ነው፣ ይተኮሳል፤ ካላንኳኳ አይተኮስም። ማንኳኳቱን አዛዣቸው ነው ያመጣው፤ በመድፍ ጩኸት ጆሮ ቢደነቁር እንኳ ኳ ኳው በእጅ ይሰማል ብሎ። ከእነሱ ክፍል በቀር በጦሩ ውስጥ ይህን የሚያደርግ አልነበረም። የኔው ሳህሉ ስልክ ተቀባይ ነበር።

የሰላሌ ልጅ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ተቀጠረ፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ በ1970 ምሥራቅ ጦር ግንባር ተዋጋ፣ ግራ ጆሮውን እዚያ ጥሎ ሜዳይ ተሸልሞ ተመለሰ። ከዚያ ሰሜን፣ ከዚያ ሽንፈት፣ ከዚያ ሱዳን። እንደ ፈረንጅ በ1993 ኦስሎ ሲገባ እኔ ከሦስት ወር በፊት ገብቼ ስደተኞች መቀበያው ሞታክ ውስጥ ነበርኩ። ሠራተኛዋ የክፍሉን ቁጥር ነገረችው፤ ደገመውና ጠረጴዛዋን ሁለቴ አንኳኳ። ደንግጣ እኔን አየችኝ። "ምን ፈልጎ ነው?" አለችኝ። እኔ ምን አውቄ። መልስ ሳያገኝ እንዳይቀር ብዬ ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳሁለት። ፊቱ በራ። ትዳራችን በዚያ ነው የተጀመረው፣ በኋላ ምን እንደሚያስከትልብኝ ሳላውቅ።

አሁን ሄልስፊር ያለ አንድ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ቫክትሜስተር ነው። አምፖል የሚቀይር፣ በረዶ የሚጠርግ፣ የተበላሸ በር የሚጠግን እሱ ነው። "አራተኛ ፎቅ፣ ሁለተኛው መጸዳጃ ቤት ውኃ ያፈሳል" ሲሉት ይደግማል፣ በኖርዌይኛ "ሙታት፣ ተቀብያለሁ" ይልና ጠረጴዛቸውን ያንኳኳል። እነሱም ለምደው ያንኳኩለታል። በሥራው አንድ ነገር ረስቶ አያውቅም። በግንቦቱ የኖርዌይ ብሔራዊ በዓል ከአከሽሁስ ምሽግ መድፍ ሃያ አንድ ጊዜ ሲተኮስ ሕዝቡ ንጉሡን ለማየት ይንጠራራል፤ እሱ ሰዓቱን ይዞ ይቆጥርና "ልክ ናቸው" ይለኛል። "እሰይ፣ ንጉሡ ዛሬ በሰላም ይተኛሉ" እለዋለሁ።

ሜዳዩን ግን አላሳየኝም ነበር። አንድ መኸር የልጃችን ትምህርት ቤት አሮጌ ዕቃ ሲሰበስብ ምድር ቤት ያለውን ዕቃ ማስቀመጫችንን ላጸዳ ወረድኩ። ልጃችን አክሱማዊት በስድስት ዓመቷ በበረዶ ላይ ስትንሸራተት ያደረገችው የስኪ ጫማ አንድ እግሩ ብቻ ተቀምጧል። ልጥለው ሳነሳው ከውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ሜዳይ ዱብ አለ። ይዤው ወጣሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ይህ በፍሬም ተደርጎ ሳሎን የሚሰቀል ነገር አይደለም ወይ?" አልኩት። አየው፣ አየኝ። "ከነበረበት መልሺው" አለኝ። አልደገመም፣ አላንኳኳም። ነገሩን የተውኩት ለዚህ ነው።

ሌላም ነበር። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ በረዶው እስከ ጉልበት ሲደርስ፣ በገዛ እጁ ዳቦ አቡክቶ ይጋግራል። ዳቦውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከሰፈራችን ከቫይትቬት በባቡር ቤተ ክርስቲያን ይወስድና "ለወልደ ሥላሴ ነፍስ" ብሎ ለቄሱ ስም ያስይዛል። ከፍትሐቱ በኋላ ሰው ዳቦውን ይቆርሳል፣ ነፍስ ይማር ይላል። ሟቹ ማን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "መቶ አለቃ አበጋዝ፤ ወልደ ሥላሴ የክርስትና ስሙ ነው። ተመልካቻችን ነበር። ኮረብታው ላይ ቀረ" ይለኛል። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አይወጣውም። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ በማላውቀው ሰው ሃያ ሁለት ጥር።

ታዲያ እንደ ፈረንጅ በ2015 ሚያዝያ፣ እሑድ ጠዋት፣ ቁርስ ላይ ነን። አክሱማዊት ለስድስት ወር ትምህርት አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ሄዳለች። በቪዲዮ ደወለች። "ማማ፣ ፓፓ አለ? ቬንት፣ ቬንት" ትላለች፤ ቆዩኝ ማለቷ ነው፣ ስትጣደፍ አማርኛው ይጠፋታል። "ቀስ በይ፣ አውሮፕላን አላመለጠሽ" አልኳት። ቀስ ማለት ከኔ አልወረሰችም።

ታክሲ ይዛ ነው። ሹፌሩ ሽማግሌ ነው፤ መስተዋቱ ላይ የኛ መስቀል ተንጠልጥሏል። በአማርኛ ሰላም አለችው፣ የቤቷን ቁጥርና መንገዱን ነገረችው። ሰውየው ቁጥሩን አንድ በአንድ ደገመና መሪውን ሁለቴ ኳ ኳ አደረገው።

"እኔም ሳላስበው የፊቱን ወንበር ሁለቴ አንኳኳሁለት" አለች አክሱማዊት። "ማማ፣ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመው። ዞሮ 'ይህን ማን አስተማረሽ?' አለኝ። አባቴ አልኩት። 'አባትሽ ማነው?' አለኝ። ሳህሉ ይባላል፣ መድፈኛ ነበር አልኩት። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ቀረ። አመመህ ወይ አልኩት። ቀና ብሎ 'አበጋዝ ሰላም ይልሃል በይው' አለኝ።"

እኔ እልልታዬን ለቀቅሁት። ቫይትቬት የሚኖር ሰው ሁሉ እሑድ ጠዋት ተኝቷል፤ ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ወለሏን ደበደበች፤ ማን ሰምቷት። ሙት ተነሥቶልናል፣ ምን እንቅልፍ ነው። ዞር ስል ሳህሉ የለም። ኮሪደሩ ላይ፣ ጫማዎቹ መካከል፣ መሬት ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ተናኘ" አለኝ፣ "ያንን ሰው እኔ ነኝ የገደልኩት።"

"ሰውየው ታክሲ እየነዳ ነው እኮ" አልኩት።

አልሳቀም። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት የዋጠውን ያን ጠዋት አወጣው። ቦታው ከሐረር ወጣ ብሎ ነው። ታንኮች እየመጡ ነው። አበጋዝ ከኮረብታው ስድስቱን ቁጥር በስልክ ነገረው፤ ሳህሉ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ልድገም ብሎ አፉን ሲከፍት መስመሩ ጸጥ አለ። ኳ ኳ የለም፣ ትንፋሽ የለም። አዛዡ ከወዲያኛው መድፍ ጋ ሆኖ "መልሶልሃል ወይ?" ብሎ ጮኸበት። ደንቡ ካልመለሰ አይተኮስም ነው። ታንኮቹ ደግሞ መሬቱን እያንቀጠቀጡት ነው።

"አዎ አልኩት" አለኝ ሳህሉ። "አላንኳኳም እኮ፣ ተናኘ። ዋሽቼ አዎ አልኩት።"

ሰሌዳውን አነጣጣሪዎቹ ተቀብለውት ተኮሱ። ታንኮቹ ተመለሱ። ማምሻውን ኮረብታው ላይ ሲወጡ ጥይቱ ሁሉ ያረፈው የተመልካቹ ጉድጓድ ላይ ነው። ያገኙት የተሰበረ መነጽርና አንድ እግር ቦት ጫማ ብቻ ነበር። አዛዡ በሳምንቱ ሞተ፤ ሳህሉን የጠየቀው ሰው የለም። እንዲያውም በቆራጥነቱ ሜዳይ ሰጡት። ቁጥሩን እሱ ተሳስቶ ጽፎት ይሁን፣ አበጋዝ ተሳስቶ ተናግሮት ይሁን፣ አያውቅም። ቢደግመው ኖሮ ይታረም ነበር። ያንን ስሕተት የሚይዘው መድገሙና ኳ ኳው ነበር፤ እሱ ደግሞ ዘለለው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳይደግም ያለፈበት ቀን የለም። እኔ ሞኟ የወታደር አመል ነው ብዬ ድስት እደበድባለሁ።

"ታዲያ ደውልለትና ይቅር በለኝ በለው" አልኩት።

ራሱ ደወለ፣ ወዲያው። ያነሣችው አክሱማዊት ናት፤ ገና ከአበጋዝ ጋር ታክሲው ውስጥ ነበረች። አበጋዝ ግን ስልኩን አልቀበልም አለ። "በስልክ አይሆንም። እመጣለሁ በይው" አላት።

ይህን ሲሰማ ሳህሉ ባሰበት። "በስልክ የማይባል ነገር ይዞ ነው" አለኝ። "መጥቶ ዓይኔን እያየ፣ አንኳኩቼልሃለሁ ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ ነው።" እኔም ፈራሁ፤ አፌ ግን "ኧረ ወዲያ፣ የምድርን ዳር አቋርጦ ለመጣላት የሚመጣ ሰው የለም" አለ።

በቀጣዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነገሩን አወጣሁት፤ ምስጢር መያዝ ድሮም አይሆንልኝም። ቤቱ ተተራመሰ። "ወልደ ሥላሴ? ጥር ጥር የምንጸልይለት ሟች?" ይላል አንዱ። ጓደኛዬ ሐረገወይን አፏን ይዛ፣ "ታዲያ የበላነው ዳቦስ?" አለችኝ። "ተፈጭቷል፣ አትጨነቂ" አልኳት። ቄሱ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። በኋላ መነጽራቸውን ጠርገው፣ "ለሕያዋንም እንጸልያለን እኮ። ስሙን ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው ማሻገር ብቻ ነው" አሉ። አሻገሩትም፤ ሴቱ ሁሉ ቆሞ እልል አለ። ሳህሉ ብቻ ከኋላ ምሰሶ ይዞ መሬት መሬት ያያል። እኔ ባየሁት ቁጥር ደስታዬ መሀል እሾህ ይወጋኛል።

አክሱማዊት ትምህርቷን ጨርሳ አበጋዝን ይዛ እስክትመጣ፣ እስከ ሐምሌ አጋማሽ እንቅልፍ የለንም። እኔ መጋረጃ ቀየርኩ፣ ማዮርስቱን ከሚባለው ሰፈር፣ ጽዳት ከምሠራበት የጥርስ ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ፣ አልጋ አነጠፍኩ፣ አፈረስኩ፣ ደግሜ አነጠፍኩ። እሱ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ። መድገሙ ደግሞ ባሰበት። "ደህና እደር" ስለው "ደህና እደር" ይልና የአልጋውን ራስጌ ያንኳኳል። ተኝቼ ማንኪያ ከየት ላምጣ፣ በክርኔ ነው የምመታለት።

ቀኑ ደረሰ፤ ቅዳሜ ቀትር ላይ። ጋርደርሙን አውሮፕላን ማረፊያ ሃያ ሰው ሆነን ተሰለፍን፤ አንድም የተጋበዘ የለም፣ ሁሉም በራሱ መጣ። ሐረገወይን ፊኛ ይዛለች። ቄሱ ጥላቸውን ዘርግተዋል፣ ጣሪያ ሥር። ሳህሉ ሙሉ ልብሱን ለብሶ በእጁ የፕላስቲክ ከረጢት ይዟል። ምን እንደያዘ ሳየው ያ የስኪ ጫማ ነው። "አንተ፣ አሁን በሞቴ ይህንን ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት። ከረጢቱን ወደ ደረቱ አስጠጋው።

በሩ ተከፈተ። አክሱማዊት እጇን እያወዛወዘች ወጣች። ከኋላዋ ሻንጣ ጋሪ የሚገፋ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ትንሽ የሚያነክስ ቀጭን ሽማግሌ። እሱን ለማወቅ ማንም አላስፈለገኝም። ባሌ እግሩን ገጥሞ ቀጥ አለ፤ እጁ ወደ ግንባሩ ወጣ፤ የስኪ ጫማው ከእጁ እንደተንጠለጠለ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ። ሽማግሌው ጋሪውን ለቀቀው። ጋሪው ተንከባሎ የቄሱን እግር መታ፤ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ሁለቱ ተያያዙ፤ አልተላቀቁም። ሃያ ሰው ያለቅሳል፣ እልል ይላል፣ አንዱ ፊኛ ፈነዳ፤ ሁለቱም ሳይነጋገሩ በአንድ ላይ ጎንበስ አሉ። ሠላሳ ሰባት ዓመት አልፎም ገላቸው አልረሳም።

በአውቶቡሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሄልስፊር ስንደርስ ሳህሉ በመስኮት አሳየው። "እዚያ ሕንፃ ነው የምሠራው።"

አበጋዝ ቀና ብሎ አየ። "ከጣሪያው ላይ እስከ የት ይታያል?"

"እስከ ባሕሩ።"

"ጥሩ ቦታ ነው" አለ አበጋዝ። ከዚያ እስከ ቤታችን ሌላ ነገር አልተባባሉም፤ እኔ ልፈነዳ ደርሻለሁ።

ቤት ገብተን፣ ቄሱ ባርከው፣ ምሳው ቀርቦ ገና መቁረስ ስንጀምር ሳህሉ ተነሣ። ያንን የስኪ ጫማ ከከረጢቱ አውጥቶ ገበታው ላይ፣ ዶሮው አጠገብ አስቀመጠው። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቱን ሳየው ዘጋሁት።

"መቶ አለቃ" አለ። "እዚህ ውስጥ ያለው ሜዳይ የተሰጠኝ በዚያን ቀን ነው። ያን ቀን አልደገምኩም። አንተም አላንኳኳህልኝም። አዛዡ መልሶልሃል ወይ ሲለኝ አዎ ብዬ ዋሸሁ። ውሰደው። የፈለግኸውን በለኝ።"

አበጋዝ እጁን ጫማው ውስጥ ከትቶ ሜዳዩን አወጣ፣ አገላበጠው፣ መለሰው።

"ሳህሉ፣ ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አለ።

ሳህሉ ደህናውን ጆሮውን አዞረለት።

"የጠላት እግረኛ ኮረብታዬን ወጥቶ ነበር፣ ታንኮቹ ከሥሬ ናቸው። የሰጠሁህ ቁጥር የራሴ ጉድጓድ ነው። እኔም አልተሳሳትኩም፣ አንተም አልተሳሳትክም። ያን ኮረብታ አዛዡ ራሱ ነው የመረጠልኝ፤ ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። ጮክ ብለህ ብትደግመው ይሰማል። ከሰማ በኔ ላይ አይተኩስም። ስለዚህ አፍህን ሳትከፍት በሳንጃዬ ቆረጥኩትና ወደ ሸለቆው ዘለልኩ። አንዱ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ጥይት እግሬን አገኘኝ፣ ሲነጋ ተማረክሁ። አሥራ አንድ ዓመት እስር ቤት ስተኛ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ያ ልጅ መልስ ሳይመጣለት እንዴት ተኮሰ? ደንቡን ብታከብር ኖሮ እዚያው ታርጄ ነበር፣ እናንተም ትረገጡ ነበር። ከተፈታሁ በኋላ ክፍላችን ተበትኖ አጣሁህ፤ በኬንያ አድርጌ ወጣሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ ምን ጥዬ እንደሄድኩ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት። በስልክ እምቢ ያልኩህ ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ስልክ ዘግቼብሃለሁ።"

አክሱማዊት እጄን ጨምቃ ይዛለች። ሳህሉ ቆሞ ነው። ከዚያ ቁጥሩ ከአፉ ወጣ፤ ጮክ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ሃያ ሁለት ዓመት ልጅ።

"ሦስት። ሰባት። ዜሮ። አራት። አራት። ዘጠኝ።"

ገበታውን በጣቱ ሁለቴ አንኳኳ።

አበጋዝ ሁለቴ አንኳኳለት።

ሳህሉ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ያን ሁሉ ዶሮ በላው። እኔ አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ የስኪ ጫማውን ከገበታዬ ላይ አንሥቼ ቄሱ እግር ሥር አኖርኩት።

ሰኞ ጠዋት እንግዳችን ገና ተኝቷል። "ሳህሉ፣ ሁለት ሊትር ወተት፣ አንድ ዳቦ" አልኩና ማንኪያዬን ከድስቱ በላይ አንሥቼ ጠበቅሁ። በሩ ተከፈተ። "እሺ" አለና ወጣ። ማንኪያዬን እንዳነሣሁ ቀረሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዳቦውን ይዞ እያፏጨ ገባ፤ ወተቱን ረስቶታል።